የግዙፎቹ ቤት ጫማ ሰሪ

በዚያ ሰፈር «የግዙፎቹ ቤት» ሲባል የማያውቅ ሰው ከተገኘ፣ ወይ ትናንት የገባ እንግዳ ነው፤ ወይ አንገቱን ቀና አድርጎ ሄዶ አያውቅም። ቤቱን ከሌሎቹ የሚለየው በሩ ነበር። አያትየው ገና በጎልማሳነቱ ወደ ገዛ ቤቱ በገባ ቁጥር ግንባሩን መገጨት ቢሰለቸው፣ ጎንበስ ማለትንም እንደ ውርደት ቢቆጥረው፣ ግንበኛ ጠርቶ የበሩን ጉበን ወደ ላይ አስነሣው። ከዚያ ወዲህ የቤቱ ሰው አጎንብሶ አልገባም። እንግዳ ግን በሩ መሀል ሲደርስ ከራሱ በላይ የቀረውን ባዶ ቦታ አይቶ፣ ማንም ሳይነግረው ያንሳል። ቤተሰቡም ይህን ማየት ይወድ ነበር።

ሌላው ሰው መሬት ያወርሳል፣ ስም ያወርሳል፤ እነዚህ ሰዎች አጥንት ይወራረሱ ነበር። ሰፊ መዳፍ፣ ወደፊት ወጣ ያለ አገጭ፣ እርስ በርስ የተኳረፉ ይመስል የተራራቁ ጥርሶች፣ ከጉድጓድ የሚመጣ የሚመስል ድምፅ። ፎቶግራፍ ሲነሡ ፎቶ አንሺው ሁሉንም ለመክተት ወደኋላ ሲያፈገፍግ ከግድግዳ ጋር ተላትሟል ይባላል፤ ይህን ወሬ ያስወሩት ራሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም። በሌላው ቤት ጫማ የሚጠበው ለልጅ ነው። በዚህ ቤት ለአባትም ይጠብ ነበር። ሃምሳ ዓመት የተጠጋው ሰው «ጫማዬ ጠበበኝ» ሲል ቤቱ በደስታ ይሞላል፤ ገና እያደገ ነዋ። «ዘር ከልጓም ይስባል» ይላሉ፤ ወዴት እንደሚስብ የጠየቀ ግን አልነበረም።

የዚህ ታሪክ ባለቤት የዚያ ቤት የመጨረሻ ልጅ ነው።

አባቱ ጫማ ሰሪ ነበር። ሙያውን የመረጠው ወዶ ሳይሆን ተቸግሮ ነው፤ ለዚያ ቤት እግር የሚሆን ጫማ በየትኛውም ሱቅ ተሠርቶ አይገኝም። ሰፈሩ «ግንቡ» ይለው የነበረው ይህ ሰው ከአውቶቡስ ፌርማታው ፊት ለፊት፣ ከፀጉር አስተካካዩ ጋር ግድግዳ የምትጋራ ጠባብ ሱቅ ነበረችው። ሱቋ የማስቲሽና የቆዳ ሽታ አላት፤ በኋላኛው ግድግዳዋ ላይ ደግሞ ፎርማዎች ተሰቅለዋል። ፎርማ ጫማ የሚወጠርበት፣ በሰው እግር አምሳል የተጠረበ እንጨት ነው። የቤቱ ሰው ሁሉ በጉርምስናው የተጠረበ የየራሱ ፎርማ ነበረው። እግሩ ሲሰፋ ሌላ እንጨት አይጠረብለትም፤ በነባሩ ላይ ቁራጭ ቆዳ በምስማር እየመቱ ማወፈር የሙያው ደንብ ነው። ግንቡ በራሱ ፎርማ ላይ ቆዳ በቆዳ እየደራረበ ሲኖር፣ ፎርማው እግር መምሰሉን ትቶ ሽንኩርት መሰለ። ልጆቹ እየዳሰሱ ይኮሩበት ነበር።

የመጨረሻው ልጅ ፎርማ ግን እንደተጠረበ ቀረ። ለአካለ መጠን ሲደርስ ቁመቱ የማንም ሰው ቁመት፣ እግሩ የማንም ሰው እግር ሆነ። በሌላ ቤት ይህ ጤና ይባላል፤ በዚያ ቤት «ጉርድ» አስባለው። በገበታው ዙሪያ ለሌሎቹ አናጺ በልካቸው የሠራቸው ወንበሮች ነበሯቸው፤ ለእሱ ከገበያ የተገዛች ተራ ወንበር። ክፉ የተናገረው ሰው አልነበረም፤ ክፋቱም እዚያ ላይ ነው። የሚወዱት፣ ጆሮው የተሰበረ ስኒ እንደሚወደድ፣ ከመደርደሪያው ጥግ አስቀምጠው ነበር። አባቱ ሙያውን ሲያስተምረው እንኳ «እጅህ ትንሽ ናት፤ ለስፌት ትመቻለች» ብሎታል። ማጽናኛ መሆኑን ሁለቱም አውቀዋል።

ግንቡ ስድሳ ሳይሞላው በተኛበት ቀረ። ሐኪሞቹ ልቡ ከመጠን በላይ ትልቅ እንደነበረ ሲናገሩ፣ ቤተሰቡ ነገሩን እንደ ሙገሳ ተቀብሎ ለለቀስተኛው ሁሉ አሰማው።

ከዚያ በኋላ የቤቱ ዘብ ታላቅ እህቱ ሆነች። ባሏ፣ ያ በር በየቀኑ ሲያሳንሰው ኖሮ ነው መሰል፣ ልጃቸው ድክ ድክ ሳትል ጥሏቸው ሄዷል። እሷ ግን የአያቷን፣ የአባቷን፣ የዘር ማንዘሯን ቁመት በቃሏ ይዛ ላገኘችው ሁሉ ታወራለች። አንድ ነገር ብቻ አታወራም፤ የራሷ እግር ተራ እግር ነበር። ይህን የሚያውቀው ወንድሟ ብቻ ነው። ጫማ ስታሠራ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ከፍ አድርገህ ቁረጠው» ትለዋለች፤ ከዚያ ጫፉን በጥጥ ጠቅጥቃ ትረግጠዋለች። እሱም ከፍ አድርጎ ይቆርጣል፤ ትንፍሽ አይልም። ጫማ ሰሪና ሐኪም የሰው ጉድ በማየት እኩል ናቸው፤ ጫማ ሰሪ ካርድ አያወጣም እንጂ።

አርባ ሊሞላው ሲል ከዕለታት አንድ ቀን፣ ሲሰፋ መርፌ የሚገፋባት የጣት ቆቡ አልገባ አለችው። ሳሙና ቀብቶ ሞከረ፤ አልገባችም። ከወራት በኋላ የገዛ ጫማው ጠበበው። ያን ጊዜ በሩን ዘግቶ፣ ፎርማውን ከግድግዳው አውርዶ፣ በሕይወቱ የመጀመሪያዋን ቁራጭ ቆዳ መታባት። ምስማሩን እንደዚያ ቀን ቀጥ አድርጎ መትቶ አያውቅም።

እህቱ ስትሰማ ዘመድ አዝማዱን ጠራች። መዳፉን እየገለባበጡ አዩለት፣ አገጩን ያዙለት። የሩቅ አጎት የሆነ ሽማግሌ «ጉርዱም በቀለ፤ ዘግይቶ ቢመጣም የኛው ነው» ብሎ መረቀው። ተራዋ ወንበር ለጎረቤት ተሰጠች፤ እሱ በሟቹ አባቱ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ወንበሩ ሰፋው። ግድ አልነበረውም፤ ይሞላዋል። ሲያወራ ሲሰሙት፣ ሲስቅ አብረው ሲስቁ፣ እስከዚያ ቀን ምን ያህል ብቻውን እንደኖረ ያወቀው ያኔ ነበር። ሰው ብርዱን የሚያውቀው እሳት ዳር ሲደርስ ነው።

እሳቱ ጥቂት ዓመታት ሞቀው። ከዚያ ራስ ምታቱ መጣ። ላቡ ያለ ሥራ ይወርዳል፤ ጣቶቹ እየደነዘዙ ወስፌውን ይጥላል። ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍሉ ምሳ ሰዓት ላይ ጋደም ሲል፣ ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ ግድግዳውን ይደበድባል፤ በማንኮራፋቱ መስተዋቴ ሊወርድ ነው ባይ ነው። ይህ ሰው ወሬ የሚያበዛ፣ ደንበኛውን በቀልድ የሚላጭ፣ በዚያ ሰፈር ጉርድን ጉርድ ብሎ የማይጠራ ብቸኛ ፍጡር ነበር። አንድ ጠዋት ምላጩን አየር ላይ አቁሞ ቆየና እንዲህ አለው፦

«ስማኝ ወንድሜ፣ ይህን ፊት ስንት ዘመን ላጨሁት። ሜዳውንም ገደሉንም በደንብ አውቀዋለሁ። አሁን ግን ምላጩ መንገድ እየጠፋበት ነው። ፊትህን የት እየወሰድከው ነው?»

«እያደግሁ ነዋ።»

«በዚህ ዕድሜ የሚያድግ ዕዳና ጆሮ ብቻ ነው። ሐኪም ዘንድ ሂድ።»

ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ሰነበተ። ከጎኑ የሚመጣ ሰው ሳይታየው እየተጋጨ፣ በመንገዱ ላይ ይቅርታ ጠያቂ ሆኖ ሲከርም ግን ሄደ።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። ሕመሙን ሳይነግራት እጁን አየች፤ እጁን እንደያዘች ፊቱን አየች። ምርመራው ካለቀ በኋላ ረጋ ብላ አስረዳችው። ከአንጎሉ ሥር የአተር ፍሬ የምታክል ዕጢ አለች፤ ሰውነት ማደግ ሲገባው እደግ፣ ሲበቃው በቃህ የምትለው እሷ ናት። የእሱ ዕጢ እባጭ ወጥቶባታል፤ በቃህ ማለቱን ትታለች። ካንሰር አይደለም። ነገር ግን እባጩ የዓይንን ነርቭ ይጫናል፤ ትእዛዙ ሲረዝም ደግሞ ልብን ያሰፋል።

የመጨረሻዋን ቃል ሲሰማ የአባቱን ለቅሶ አስታወሰ።

«በቤተሰብዎ እንደ እርስዎ የሆነ ሰው አለ?» አለችው።

«ዶክተር፣ እንደኔ ያልሆነ አለ ወይ ብለው ቢጠይቁኝ ይቀለኝ ነበር።»

ደሙ ተመረመረ። ሐኪሟ ይህ ነገር በዘር የሚተላለፍ መሆኑን፣ ከተሸካሚ ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጅ የሚደርስበት ዕድል እኩል በእኩል መሆኑን፣ አንዳንዱ ግን ተሸክሞት ሳይታመም ለልጁ እንደሚያሳልፈው ነገረችው። እህት ካለችው ትመርመር፤ ልጅ ካላት ደግሞ ከሁሉ በፊት ልጅቱ። በልጅነት ሲጀምር ቁመትን ያስረዝማል፤ ዓይንን ለማጥፋትም አይዘገይም።

ቀዶ ሕክምናው በአፍንጫ በኩል የሚደረግ ነው ሲሉት አላመነም ነበር። እህቱን ቆዳ ልመርጥ ሌላ ከተማ እሄዳለሁ ብሎ ዋሻት። እውነቱን መናገር በአባቱ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ወንበሩን እንደ መሰባበር ሆኖ ታይቶት ነው። ነርሷ «ሲወጡ ማን ይወስድዎታል?» ብላ ስትጠይቀው ትልቅ ቤተሰብ እንዳለው ሊነግራት ጀመረና ቃሉን ዋጠ። የወሰደው ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ ሱቁን ዘግቶ፣ የሥራ ነጭ ካፖርቱን እንደለበሰ ሲመጣ፣ ዘበኞቹ ሐኪም መስሏቸው እጅ እየነሱ አሳለፉት። በመንገድ ላይም አፍንጫውን እያየ፣ በዚህች ቀዳዳ ሰው መግባቱን ራሴ ቆሜ ካላየሁ አላምንም ሲለው መጣ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያቺ የጣት ቆብ ያለ ሳሙና ገባች። ሐኪሟ እብጠቱ እንደሚጎድል ነግራው ነበር፤ ሥጋው ይመለሳል፣ አጥንቱ ግን ባለበት ይቀራል ብላ። ለቀሪው እባጭ በየወሩ መርፌ ይወጋል። ቆቧን ጣቱ ላይ እንዳደረገ ብዙ ተቀመጠ። መዳን ይህን ያህል ከቤት እንደ መባረር ይሆናል ብሎ አልጠበቀም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እሱ መድኃኒቱንም ደብቆ ነበር። እስከ መጨረሻው መደበቅ ያልቻለው በእህቱ ልጅ ምክንያት ነው። ልጅቱ ገና የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ስትሆን «ሰንደቅ» ይሏታል፤ ራሷ ወደ ቅድመ አያቷ ጉበን ሊደርስ ትንሽ ቀርቶታል። የመረብ ኳስ ትጫወታለች፤ እናቷም ጨዋታውን ሳታውቀው ከመረቡ በላይ ብቅ የምትለውን ራስ ብቻ እያየች ታጨበጭባለች።

ለእናቷ ሄዶ ነገራት። እህቱ ልብስ እያጠፈች ሰማችው፤ ማጠፏን አላቆመችም።

«አባታችንን በሽተኛ አልከው?»

«እኔ አላልኩም እትዬ። ደሙ ነው ያለው።»

«የመረመርከው የማንን ደም ነው? የራስህን። እንግዲያው ስለ ራስህ ይናገር።» አንዱን ሸሚዝ አጥፋ፣ ፈትታ፣ እንደገና አጠፈችው። «ዕድሜህን ሙሉ ጉርድ ሆነህ ኖርክ። ደረስክብን ብለን እልል ስንል፣ መድረሱን በሽታ ነው አልክ። ያንተ ነገር ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ቤቱ አይሆንህም።»

ስለ ልጅቱ ሊቀጥል ሲል ልጄን ተዋት አለችው። ተነሣ ብላ አላስነሣችውም። በሌላ ቀን ሲመጣ ግን የአባቱ ወንበር ወደ ግድግዳ ዞሮ የታጠፈ ልብስ ተከምሮበት አገኘው። ተራዋ ወንበር ደግሞ ድሮ ለጎረቤት ተሰጥታለች። ጥቂት ቆመና፣ ቁጭ በል የሚለው ሲጠፋ፣ በዚያ ረጅም በር ወጣ። ዘመድ አዝማዱም ፊት ነሳው፤ መንገድ ላይ ሲያገኙት ከላይ ወደ ታች አይተው ያልፋሉ። ከላይ ወደ ታች ማየት ለእነሱ አያስቸግርም።

ከዚያ የዝምታ ወራት መጡ። ሱቁን ከፍቶ ይሰፋል፣ ዘግቶ ከጀርባዋ ክፍል ይገባል። አንዳንድ ቀን የሚናገረው ቃል «ይጠባል?» እና «ይላመዳል» ብቻ ነበር። አንድ ክር ግን አልተበጠሰም፤ ቤተሰቡ ቢያኮርፈውም እግሩን የትም ሊወስደው አይችልም። ለሰንደቅ እግር የሚሆን ጫማ ሌላ ቦታ የለም።

ስለዚህ ልጅቱ መጣች። በሩ ላይ ጎንበስ ብላ ገባች፤ የጫማ ሰሪው በር ማንንም አያከብርም።

«አጎቴ፣ እማ 'ያ ሰውዬ ጋ ሄደሽ ተለኪ' አለችኝ» አለችው እየሳቀች። «ያ ሰውዬ አንተ ነህ።»

«ካወቅሽኝ ይበቃል። ጫማሽን አውልቂ።»

መሬት ላይ ወረቀት አንጥፎ በእርሳስ እግሯን ዞረው። ከባለፈው አልፎ ሄዷል። እሷ ታወራለች። አሠልጣኟ ከዳር አንሥቶ መሀል አቁሟታል፤ ከጎን የሚመጣውን ኳስ ትስታለችና። ከየት እንደሚመጣ እንኳ አታውቅም፤ ድንገት ከሰማይ የሚወርድ ነው የሚመስላት። ወደ መደርደሪያው ዞር ስትል ትከሻዋ ጫፉን መታና የቀለም ቆርቆሮ ተንከባለለ። የጫማ ሰሪው እጅ ወረቀቱ ላይ ቆመ።

ሰም የተቀባ የክር ጥቅል አንሥቶ «ፊት ለፊት እያየሽ ያዢ» አላትና ከቀኝዋ በቀስታ ወረወረላት። ክሩ ደረቷን ነክቶ ወደቀ። ከግራዋ ወረወረ። ያኛውም ወደቀ። ቀልድ መስሏት ሳቀች።

«ራስሽን ያምሻል?»

«አልፎ አልፎ። ለእማ ነግሬያት 'የማደግ ነው፤ አያትሽም ነበረው' አለችኝ።»

ለልጅቱ ዓይኗን ሐኪም ማየት እንዳለበት ብቻ ነገራት። ለእናቷ ደግሞ ሌላ መልእክት ላከ፦ ጫማው አልተሠራም፤ ልጅቱ ሐኪም ዘንድ ካልሄደች አይሠራምም፤ ክርክር ካላት ራሷ ትምጣ።

የጫማ ሰሪ አድማ ከባድ የሚሆነው በአድመኛው ላይ ነው። ሰንደቅ በየጠዋቱ የጠበባትን ጫማ ተረከዙን ረግጣ፣ እንደ ነጠላ ጫማ እየጎተተች ወደ አውቶቡሱ ስታልፍ በመስኮቱ ያያታል። ጥሩ ቆዳ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ተቀምጧል። ፀጉር አስተካካዩ፣ ልጅ በባዶ እግር አስኪዶ ዘመድ የሚታረቅ አይቶ እንደማያውቅ ነገረው። እርቅ አይደለም የምፈልገው አለው ጫማ ሰሪው። ይህን ሲል እውነቱን ነበር፤ እውነት በመሆኑም ራሱ ደነገጠ። እስከዚያች ቀን ድረስ ከዚያ ቤት ሰዎች ሌላ ነገር ፈልጎ አያውቅም ነበር።

እህቱ መጣች። የደንበኛውን አግዳሚ አየችው፣ አልተቀመጠችበትም።

«የልጄን እግር መያዣ አደረግከው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

እንዲህ በግልጽ ይመልሳል ብላ አልጠበቀችም መሰል፣ ያዘጋጀችው ንግግር ከመሀል ተቆረጠ። ከዚያ ግን መልሳ ያዘችው፦ ቅናት ነው አለችው፤ ልጅ ሳለህ ያጣኸውን ቁመት በልጄ ላይ ልትቆርጠው ነው። ቃሉ ሲያርፍበት ዓይኑ ሳያስበው ወደ ጫማዋ ወረደ፤ ከፍ ተደርጎ ወደተቆረጠው፣ ጥጥ ወደተጠቀጠቀበት። አየችው። እግሯን ቀስ ብላ ወደ ቀሚሷ ጫፍ ሳበች፤ እንዲናገራትም ጠበቀች።

እሱ ግን ዞር ብሎ የአባቱን ፎርማ ከግድግዳው አወረደ።

ጉጠቱን አንሥቶ የላይኛውን ቆዳ ምስማር ነቀለ። ቆዳው ደርቆ ስለነበር እንደ ቅርፊት ተላጠ። ከሥሩ ሌላ አለ፤ ያንንም ነቀለ። ምስማሮቹ የግንቡ እጅ ናቸው፤ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ዘመም ይላሉ። እህቱ ተው ልትለው አፏን ከፈተችና ተወችው። ቆዳው ጠረጴዛው ላይ እየተከመረ፣ ሽንኩርቱ እየቀጠነ ሄዶ ሄዶ፣ በመጨረሻ እንጨቱ ወጣ። ገርጣ ያለ፣ አንድም ጊዜ ፀሐይ ያላየ የሚመስል እንጨት። ከዚያ የራሱን ፎርማ አወረደ፤ ያን ጊዜ በደስታ የመታቸውን ጥቂት ቁራጮች ነቀለና ሁለቱን እንጨቶች ተረከዝ ለተረከዝ አቆማቸው።

ልዩነት አልነበራቸውም። በአንድ ቀን የተወለዱ መንታ ይመስሉ ነበር።

አንድ አውቶቡስ መጣ፣ ሰው አራገፈ፣ ሄደ። እህቱ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«ራሱን በጨርቅ ያስር ነበር» አለች።

«አስታውሳለሁ።»

«የማጥብቅለት እኔ ነበርኩ።»

ቆዳዎቹን ሰብስቦ ጥግ አስቀመጠ።

«ሐኪምህ ሴት ናት ብለሃል?» አለችው ቆይታ።

«ሴት ናት።»

«ጫማውን ሥራ እንግዲህ። ልጄን ተረከዝ አስረግጬ ሐኪም ፊት አላቀርብም።»

ጫማው ተሠራ። ልጅቱም ታየች። እባጩ የእሷን የዓይን ነርቭ ከእሱ ይልቅ አጥብቆ ይዞት ነበር፤ ሐኪሟ ቀጠሮ አላስረዘመችም። የእናቲቱ ደም ሲመረመር ያው ነገር ተገኘበት። እሷን ሳይነካ በእሷ በኩል አልፎ ልጇ ላይ አርፏል። ዕድሜዋን ሙሉ የቀናችበት ርስት በደሟ ውስጥ ሲኖር ኖሯል፤ እግሯ ላይ ብቻ ሳይደርስ።

ቀዶ ሕክምናው የሚደረግበትን ቀን ማንም አልነገረውም። የሰማው ከፀጉር አስተካካዩ ነው፤ እሱ የማይሰማው ወሬ ገና ያልተወለደ ነው። ሱቁን ዘግቶ ሄደ። የሐኪም ቤቱ ኮሪደር ረጅም ነበር፤ እህቱ በአንደኛው ጫፍ በሩ አጠገብ ከዘመዶች ጋር ተቀምጣለች። አየችው። ና አላለችውም፤ ሂድ አላለችውም። በሌላኛው ጫፍ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጠና እጆቹን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ያንን በር ሲመለከት ዋለ። ነርሷ ወጥታ ለእህቱ ስትናገር ድምፁ እሱ ጋ አልደረሰም። እህቱ ፊቷን በሁለት እጇ ስትሸፍን አየ። እጇን ስታወርድ ከሩቅ ራሷን ወደ እሱ አንድ ጊዜ ብቻ ነቀነቀች። ከእሷ የተቀበለው ወሬ ሁሉ ያ ነው። በቂ ነበር፤ ተነሥቶ ወደ ሱቁ ተመለሰ።

ልጅቱ ወራት ቆይታ ለአዲስ ጫማ መጣች። ወረቀቱን አነጠፈ፣ እርሳሱን አዞረ፣ ከአሮጌው ወረቀት ጋር አስተያየው። መስመር በመስመር ላይ ወደቀ። በፎርማዋ ላይ የሚመታ ቆዳ አላስፈለገም፤ በዚያ ቤት ታሪክ ለአንድ ልጅ ሲሆን ከእሱ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።

«አጎቴ፣ ጉበኑ ጋ ሳልደርስ ቀረሁ እኮ» አለችው። «አሁን እኔም ጉርድ ነኝ።»

«ካንቺ በታች ያለነው ምን እንባል?»

ሳቀች። ከዚያ የክሩን ጥቅል ከጠረጴዛው አንሥታ ሰጠችውና ፊት ለፊት እያየች ቆመች። ከቀኝዋ ወረወረላት፤ ጭብጥ አድርጋ ያዘችው። ከግራዋ ወረወረላት፤ እጇን ዘረጋች፣ ዘግይታ ነበር፤ ክሩ መሬት ላይ ተተረተረ። ሁለቱም አዩት።

«ይህቺኛዋ ትንሽ ታስቸግራለች» አለች። «ሐኪሟ 'ጊዜ ስጪያት' ብላለች።»

ጎንበስ ብላ ልትወጣ ስትል እንደ ዋዛ ዞር አለች። «እማም ጫማ ትፈልጋለች። 'በልኬ ይሥራልኝ' ብላለች።»

ጫማ ሰሪው የእህቱን ፎርማ ቀና ብሎ አየው። ስንት ዘመን የጥጡን ልክ ሲሰፋ የኖረበት ፎርማ ነው። እውነተኛውን እግር በዓይን ግምት መቁረጥ አያቅተውም ነበር፤ ያውቀዋል። ግን በግምት ሊሰፋው አልወደደም።

«በልኳ ከሆነ እግሯን መለካት አለብኝ። ትምጣ በያት።»

«እሺ ባትልስ?»

«ወረቀቱ አይሄድም።»

ልጅቱ ከሄደች በኋላ ንጹሕ ወረቀት ከአግዳሚው ፊት መሬት ላይ አነጠፈ፣ እርሳሱንም አጠገቡ አስቀመጠ። ፀጉር አስተካካዩ ለወሬ ብቅ ሲል ሊረግጠው ሲል ዘሎት፣ ለማን ነው ይህ ሁሉ ክብር ብሎ ጠየቀው። ለደንበኛ ነው አለው፤ ደንበኛዋ እንደምትመጣ ግን አልነገረው፣ ስለማያውቅ።

የአባቱ ወንበር አሁንም በዚያ ቤት ግድግዳውን እያየ እንደሆነ ከሰንደቅ ሰምቷል፤ ልብሱ ግን ተነሥቶለታል። ቢዞርለት እንኳ አይሞላውም፤ ተራዋ ወንበር ብትመለስለት ደግሞ አጥንቱ አይገባላትም። ማታ ማታ ሱቁን ሲጠርግ ወረቀቱን ያነሣዋል፤ ጠርጎ ሲጨርስ መልሶ ያነጥፈዋል። ዳር ዳሩ ቢጫ ማለት ጀምሯል።